አፉ ያላልኩበት ቀን

ተጸጽቶ የሚጽፍ ሰው የምትጠብቁ ከሆነ ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ እኔ አልተጸጸትኩም። የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል አስቀምጠዋለሁ፤ ፍርዱ የእናንተ ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ፣ ከፀጉር ቤት ጋር ግድግዳ በምትጋራ ጠባብ ክፍል ስልክና ሬዲዮ እጠግን ነበር። ለሰርግና ለሰደቃም ድምፅ ማጉያ አከራያለሁ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ፤ ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የተበላሸ ሬዲዮ እፈታለሁ፤ ብሎኖቹን በተፈቱበት ተራ ወረቀት ላይ እደረድራለሁ፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ እገጥማለሁ። የተማርኩት እንዲህ ነው። ብዙ አላወራም። ደንበኞቼ «ያ ዝምተኛው» ይሉኛል።

ፊደል ያስቆጠረችኝ እህቴ ሉባባ ናት። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። አባታችን ወግዲ ገጠር ውስጥ ቁርአን የሚያቀሩ፣ የሚያስነብቡ ሸኽ ነበሩ። ወንዶቹ ደረሶች፣ ተማሪዎቹ፣ ደጅ ላይ ቁርአን ሲቀሩ እሷ ጓዳ ሆና እየሰማች ከሁሉም ቀድማ አኸተመች፤ ከዳር እስከ ዳር ጨረሰች ማለት ነው። አስረኛ ክፍልንም ጨርሳለች። ግን በዚያ አገር ሴት ልጅ ተማሪ ሰብስባ አታቀራም ተባለ። አባታችን ሲሞቱ፣ የመካነ ሰላሙ የእህል ነጋዴ ጋሼ ኑሩ ለልጆቻቸው እቤት እየኖረች የምታስተምር ሴት ይፈልጋሉ ሲባል ሰማችና ሄደች። ስድስት ዓመት ቆየች።

የሥራዋ ስም ምን እንደሆነ እሷም በትክክል አታውቀውም ነበር። እንግዳ ሲመጣ «የልጆቹ አስተማሪ» ትባላለች፤ እንግዳው ሲወጣ «ልጅ ያዥዋ» ትሆናለች። ከቤተሰቡ ጋር ገበታ አትቀርብም። ከሠራተኞቹ ጋር ልትቀመጥ ስትል ደግሞ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ምሳዋ በትንሽ ሳህን ተከድኖ ከልጆቹ መኝታ ቤት ፊት ለፊት ኮሪደሩ ላይ ይቀመጥላታል። አንድ ጊዜ እንዲህ አለችኝ፦ «እዚያ ቤት ‹ነይ ብይ› ያለኝ ሰው የለም። ‹ምሳሽ ተቀምጧል› ነው የሚሉኝ።»

ትልልቆቹ ልጆች ደሴ ለትምህርት ሲሄዱ በእጇ የቀረችው ትንሿ ሐያት ናት። ሦስት ዓመቷ ሳለ ነው የተቀበለቻት። ጥርሷን መፋቅ፣ ጥፍሯን መቁረጥ፣ የአማርኛውን ፊደል፣ የማባዛት ሠንጠረዡን፣ ከዚያ ቁርአኑን፣ ሁሉንም ያስተማረቻት እሷ ናት። ልጅቱ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት የቁርአኑን ሠላሳ ክፍል ልትጨርስ ጥቂት ቀርቷት ነበር።

በዚያ ሰሞን የጋሼ ኑሩ ባለቤት የእትዬ መዲና የግራ ጆሮ የወርቅ ጉትቻ ጠፋ። የሉባባ ሻንጣ ግቢው መሃል፣ ሠራተኛውና ጎረቤቱ ቆሞ እያየ፣ ተዘረገፈ። ጉትቻው አልተገኘም። ቢሆንም በዚያው ቀን አስወጧት። ወሬው ወግዲ ከእሷ ቀድሞ ደረሰ። ሊያገባት የነበረው ሰው ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው «እጇ ረጅም ነው ከተባለች ሴት ጋር ቤት አንሠራም» አሉ። ሉባባ እናታችን ቤት ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ለቅሶም ሰርግም አልሄደችም። መንገድ ላይ ሰው ሲመጣ ሻሿን ወደ ፊት ስባ ትቆማለች። ስሟን ለመመለስ ምንም ማድረግ አልቻለችም፤ እኔም አልቻልኩም።

መካነ ሰላም የገባሁት ከዚህ በኋላ ነው። ሌሎች የተሻሉ ክፍሎች ነበሩ። ያቺን የመረጥኳት ከደጃፏ የጋሼ ኑሩ ሰማያዊ የብረት በር ስለሚታይ ነው። አሥር ወር ሙሉ በሩን አየሁት። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር፤ የሆነ ነገር እንደማደርግ ግን አውቅ ነበር።

አንድ ቀን ጋሼ ኑሩ ራሳቸው ሱቄ ድረስ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ማጉያ አለህ ይሉኛል። ሰኞ ሰደቃ አለብኝ፤ ልጄ አኽትማለች። ድምፁ እስከ መንገዱ ይሰማ።»

«ይሰማል ጋሼ።»

«የማን ልጅ ነህ?»

«የወግዲ ነኝ።»

«ወግዲ አገር ነው እንጂ አባት አይደለም» ብለው ሳቁ። የአባቴን ስም ሳልነግራቸው ሄዱ። ስድስት ዓመት ሙሉ እህቴን በመጀመሪያ ስሟ ብቻ ይጠሯት ስለነበር፣ ብነግራቸውም ማን እንደሆንኩ ባላወቁ ነበር።

የዚያን ጊዜ ሐሳቤ ትንሽ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ጋሼ ኑሩ ተነስተው መናገር ሲጀምሩ ማጉያውን ላስጮኸው፣ ከዚያ ድምፃቸውን ላጠፋው፣ ሰው እንዲስቅባቸው። ሌላ ነገር በእጄ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግቢው ገባሁ። ድንኳኑ ተተክሏል። በመሃል መጋረጃ ተጋርዶ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው። ሁለት በሬ ታርዷል። አራት ድምፅ ማጉያ ነበረኝ፤ ሁለቱን ወንዶች ዘንድ፣ አንዱን መንገዱ ዳር ሰቀልኩ። አራተኛውን ለመስቀል ገመዱን ይዤ ወደ ሴቶቹ ወገን አለፍኩ። እትዬ መዲና መሰላሉን እንዲይዝልኝ ሰው ጠርተው አጠገቤ ቆሙ።

ሰቅዬ ወደ ታች ስመለከት በሁለቱም ጆሯቸው ላይ ጉትቻ አየሁ።

ሉባባ ጉትቻውን ደጋግማ ነግራኛለች፤ ሰው የተከሰሰበትን ነገር አይረሳም። ሦስት ሦስት ቅጠል የተንጠለጠለበት ነው። የግራው መሃለኛ ቅጠል አንድ ጊዜ ተሰብሮ ወርቅ አንጥረኛው በብር በይዶታል። ብየዳ የራሴ ሥራ ነው፤ በሁለት ክንድ ርቀት አልስተውም። በግራ ጆሯቸው ላይ፣ በመሃለኛው ቅጠል አናት፣ የስንዴ ፍሬ የምታክል ነጭ ብየዳ ነበረች።

«ጉትቻው ያምራል እትዬ» አልኩ። ድምፄ አልተለወጠም። «ጠፍቶ ነበር ሲባል የሰማሁ መሰለኝ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ተገኘ እኮ። ፍራሹ ስፌት ውስጥ ገብቶ።»

«መቼ?»

«ኧረ ቆየ፣ በጠፋ በሳምንቱ ነው።» ከዚያ ወደ ማጉያው ቀና አሉ። «ትንሽ ወደ ግራ አይሻልም?»

ወደ ግራ አዞርኩት። ከመሰላሉ ስወርድ ስንት ደረጃ እንዳለው ቆጠርኩ፤ ሰባት ነበር። ሌላ ነገር እንዳላደርግ ነው የቆጠርኩት። በሳምንቱ ተገኝቷል። እህቴ ዓመት ሙሉ ሻሿን ስባ ቆማለች።

ሥነ ሥርዓቱ አምስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ሐያት ነጭ ለብሳ ማይኩ ፊት ተቀመጠች፤ ጥሩ አድርጋ ቀራች። ጋሼ ኑሩ ተነሱ። ልጃቸውን እዚህ ያደረሱላቸውን ከደሴ የመጡ ኡስታዝ አመሰገኑ፤ ትከሻቸው ላይም የጥልፍ ሻል ደረቡላቸው። የሉባባን ስም አልጠሩም። ማጉያውን አላጠፋሁባቸውም። እንዲያውም ድምፁን አስተካከልኩ፤ በዚያች ሰዓት ያ ማጉያ በደንብ እንዲሠራ የምፈልገው ከእሳቸው ይልቅ እኔ ነበርኩ።

ከሩቅ ለምታነቡ አንድ ነገር ላስረዳ። እኛ ዘንድ ሰደቃ ሳይመረቅ አይቀመስም። ዱዓ፣ ማለትም ጸሎቱ፣ ደግሞ በቂም ላይ አይወጣም ይባላል። ስለዚህ ዱዓ ከመጀመሩ በፊት ሽማግሌው ሁሉም ሰው «አፉ» እንዲባባል ያዛሉ፤ ይቅር ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ለወጉ ያህል ነው የሚባለው። ሰው እጁን ዘርግቶ «አፉ ብያለሁ» ይላል፣ ሆዱ ወጡን እያሰበ። ግን አንድ ሰው «አላልኩም» ካለ ሳይሰማ አይታለፍም።

ዱዓውን የሚመሩት ሸኽ እንድሪስ ናቸው፤ ሰማንያ ያለፋቸው፣ በወረዳችን በቦረና ብዙ ደም ያስታረቁ ሽማግሌ። ማይኩን ተቀብለው «እንግዲህ አፉ ተባባሉ» አሉ።

«አፉ ብለናል» አለ ድንኳኑ በአንድ ድምፅ።

መሞከሪያ የምጠቀምበት ሁለተኛ ማይክ ጉልበቴ ላይ ነበር። አበራሁት።

«እኔ አፉ አላልኩም።»

በአራቱም ማጉያ ወጣ። መንገድ ላይ የሚያልፍ ባጃጅ ሲቆም ሰማሁ።

«ማነው?» አሉ ሸኽ እንድሪስ።

«ድምፅ የሚያሠራው ልጅ ነው» አለ አንዱ።

ጋሼ ኑሩ ፈገግ ብለው ተነሱ። «ማይኩን እየሞከረ ነው ሸኽ፣ ዱዓውን ይቀጥሉልን።»

«አፉ አላልኩም ሲል ሰምቼዋለሁ ኑሩ። አርጅቻለሁ እንጂ አልደነቆርኩም፤ ተቀመጥ። ልጄ፣ ከማን ጋር ነህ?»

«ከዚህ ቤት ጋር።»

«በምን?»

«ሰይድ እባላለሁ። የሉባባ ወንድም ነኝ።»

ነገሩን በተራው ተናገርኩ፦ ስድስቱን ዓመት፣ ሻንጣውን፣ የቀረውን ጋብቻ፣ ጠዋት ያየሁትን ብየዳ። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም፤ ማጉያው የእኔ ነው።

ጋሼ ኑሩ አጠገቤ መጥተው ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ና ጓዳ ገብተን እንነጋገር። የምትፈልገውን…»

ማይኩን አላጠፋሁም ነበር። «ሻንጣዋ የተዘረገፈው ጓዳ አይደለም ጋሼ፤ ግቢ ላይ ነው» አልኩ። እሱም ተሰማ።

ከኋላ አንድ ሰው «ሸኽ፣ ወጡ እኮ ቀዘቀዘ። ለአንድ ጉትቻ ብለን ልንጾም ነው?» አለ።

«አንተ ሰደቃ ባለበት የማትጠፋ ሰው፣ አንድ ቀን ብትጾም ለጤናህ ነው» አሉ ሸኽ እንድሪስ። ሰው ሳቀ፤ ጋሼ ኑሩ ግን አልሳቁም። ሸኽ ወደ መጋረጃው ዞሩ።

«መዲና፣ ጉትቻው ተገኝቷል?»

መልሱ ከመጋረጃው ወዲያ መጣ። «ተገኝቷል ሸኽ።»

«ለልጅቷ ተነግሯታል?»

«አልተነገራትም።»

«ለምን?»

ከዚያ ወዲያ የሰማሁትን አንድም ቃል አልረሳሁም። እትዬ መዲና ማይክ አልነበራቸውም፤ ሆኖም ድንኳኑ ጸጥ ስላለ ይሰማ ነበር። «ሐያት በዚያ ሰሞን ታማ ነበር። ትኩሳቱ ሲያቃዣት እማዬ አላለችም፤ ሉባባን ነው የጠራችው። ሦስት ቀን እኔ ከአልጋዋ ሥር ቁጭ ብዬ፣ እሷ ‹ሉባባን ጥሩልኝ› ትላለች። ጉትቻው ሲጠፋ ወላሂ የምሬን እሷ የወሰደች መስሎኝ ነው። ሲገኝ ግን… ከመለስኳት ልጄ አትመለስልኝም ብዬ ዝም አልኩ።»

አንዳንድ ሴቶች አለቀሱ። እናንተም እዚህ ላይ ሆዳችሁ ይባባ ይሆናል። የእኔ አልባባም። ልጅሽን እንድታሳድግ ሌላ ሴት አምጥተሽ፣ ልጅሽ ስለወደደቻት ሌባ አልሻት፤ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው።

«ሰማህ ልጄ» አሉ ሸኽ እንድሪስ። «አሁን አፉ በል።»

«ባለሐቋ እኔ አይደለሁም።»

«የት ናት?»

«ወግዲ፣ እናቴ ዘንድ። ኔትወርክ ካለ ትገኛለች።»

ስልኬን ከማጉያው ጋር በገመድ አገናኘሁት። ጠራ፤ አልተነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ሁለት መቶ ሰው የስልክ ጥሪ ድምፅ በአራት ማጉያ እየሰማ ተቀምጧል። አላነሳችም። ጋሼ ኑሩ ግንባራቸውን ጠረጉ። በሦስተኛው፣

«ሰይድ? ምን ሆነህ ነው በዚህ ሰዓት?»

«ደህና ነኝ። ሐያት አኽትማ ሰደቃው ላይ ነን። ድምፅሽ በማጉያ ነው የሚወጣው፤ ሰው ሁሉ ይሰማሻል። ሸኽ እንድሪስ ያናግሩሽ።»

ሸኽ ሁሉንም ነገሯት። እትዬ መዲናም ማይክ ተሰጥቷቸው «ሉባባ፣ ጉትቻዬን አልወሰድሽም። በሳምንቱ ነው የተገኘው። በደልኩሽ» አሉ። የተቋረጠ መስሎኝ ስክሪኑን አየሁ፤ ሴኮንዶቹ ይቆጥራሉ።

«ሐያት እዚያ ናት?» አለች ሉባባ።

ልጅቱ እየሮጠች መጣች። «አለሁ።»

«እስቲ ዛሬ የቀራሽውን ለእኔም ቅሪልኝ።»

ሐያት ቆማ ጀመረች። ከመጨረሻዎቹ አጫጭር ምዕራፎች በአንዷ፣ አንድ ዓይነት አንቀጽ ሁለት ጊዜ የሚመላለስባት አለች። ልጅቱ ሁለተኛውን ዘልላ ወደ ቀጣዩ ገባች። እኛ ዘንድ ማንም አላረማትም።

«ቁሚ» አለች እህቴ በአራቱም ማጉያ። «አንዱን ዘለልሽው። ስትቸኩይ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ነው የምትዘልዪው። ትንፋሽሽን ሰብስቢና ከላይ ጀምሪ።»

ሐያት ትንፋሿን ሰብስባ ከላይ ጀመረች፤ ሳትዘል ጨረሰች። ኡስታዙ የተደረበላቸውን ሻል አወረዱ። «እኔ የሰማኋት የመጨረሻዋን ክፍል ብቻ ነው» አሉ። «ጠዋትም ዘልላው ነበር፤ እኔም አልፌዋለሁ። ይኼ ለሚገባት ይድረስ።» ሻሉን አጣጥፈው ሰጡኝ። አጨብጭቡ ያለ የለም፤ ወንዶቹ ብቻ «ማሻአላህ» ሲሉ ሰማሁ። ዓመት ሙሉ የተሰደበችበት ከተማ በአንድ አንቀጽ አስተማሪ መሆኗን አወቀ።

«እትዬ መዲና፣ አፉ ብያለሁ» አለች ሉባባ። «ጋሼ ኑሩ፣ አፉ ብያለሁ። … ሰይድ።»

«አቤት።»

«አንተም በል።»

አላልኩም። ሸኽ እንድሪስ ወደ ድንኳኑ ዞሩ። «ባለሐቋ ብላለች፤ ዱዓው ይወጣል» አሉ። «ያንተ በአንተና በአላህ መካከል ነው።» እጅ ተዘረጋ፤ «አሚን» ተባለ፤ ሰዉ በላ። እኔ ገመዶቼን ጠቅልዬ ሳልቀምስ ወጣሁ። ደስታ ምን እንደሚመስል ያን ቀን አወቅኩ፤ አልዋሻችሁም።

በማግስቱ ሉባባ በመጀመሪያው መኪና መጣች። ሻሉን አሳየኋት፤ አልነካችውም።

«ይህን በልጄ ቀን አደረግኸው» አለችኝ።

«ስምሽ ተመለሰ እኮ።»

«ተመልሷል። ግን ጉትቻውን ጠዋት ካየኸው፣ ጠዋቱኑ ሸኽ እንድሪስ ዘንድ ሄደህ መንገር ትችል ነበር። ዱዓው ሳይጀመር ይፈርዱ ነበር። አንተ ድንኳኑ እስኪሞላ ጠበቅህ። ሐያት የእናቷን ነውር በማጉያ ሰማች። እስክታረጅ አኽትሜአለሁ ስትል የምታስታውሰው ይህን ነው።»

«ያንቺስ?»

«የእኔን እኔ እሸከመው ነበር። ትልቅ ሰው ነኝ።»

ሁለት ወር አላናገረችኝም። ግን ወደ ወግዲ አልተመለሰችም። ሰደቃው ላይ የሰሟት እናቶች ሴት ልጆቻቸውን ይዘው ይፈልጓት ጀመር። አንድ ክፍል ተከራየች፤ አሁን አሥራ አራት ሴቶች ታቀራለች። ማንም ቤት ገብታ አትኖርም። ሐያትም አንዷ ተማሪ ናት። እናቷ ይዘዋት ይመጣሉ፤ ደጃፉ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እስክትጨርስ ይጠብቃሉ። ሉባባ «ይግቡ» ትላቸዋለች፤ አይገቡም። ሳልፍ ሰላም ይሉኛል፤ እመልሳለሁ። ከዚያ ያለፈ ግን የለም።

ይህን የጻፍኩት ልጆቻችሁን የምታሳድግላችሁ ሴት በቤታችሁ ላለች ለእናንተ ነው። ልጃችሁ በትኩሳት መሃል የእሷን ስም ቢጠራ ሌብነት አይደለም፤ ሥራዋን ሠርታለች ማለት ነው። ብትከሷትና ብትሳሳቱ ደግሞ፣ ስህተቱን ያወቃችሁ ዕለት ተናገሩ። የሆነ ቦታ፣ በራችሁን እያየ የሚቀመጥ ወንድም ሊኖራት ይችላል።

እኔስ ምን ተለወጥኩ? ከዚያ በፊት በቀል የሚያርፈው ባነጣጠርኩበት ሰው ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሐያት ብቻዋን ሱቄ መጣች። የእናቷን ስልክ ይዛ ነበር፤ ስክሪኑ ተሰንጥቋል። እየፈታሁ ሳለ ብሎኖቹን ወረቀቱ ላይ ስደረድር አየች።

«አንተ ነህ አፉ ያላልከው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«እስካሁን?»

«እስካሁን።»

«እኔም አንተን አፉ አላልኩህም» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት። አልተቆጣችም፤ የሆነውን እንደሆነ ነው የነገረችኝ፣ ልክ እህቴ እንዳስተማረቻት።

«ልክ ነሽ» አልኳት።

ስልኩን ገጥሜ ሰጠኋት። ተቀብላኝ፣ መሥራቱን አብርታ አረጋግጣ ሄደች።